የጎደለው ግማሽ ግራም

ማሞቂያው ሲሠራ በቤዝመንቱ ኮርኒስ ላይ ካለችው ቀዳዳ ሞቃት አየር ይወርዳል፤ ሲያቆም ደግሞ የዓለምነሽ ድምፅ ይወርዳል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ማሞቂያው ያቆመው ቀጸላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ካልሲዋን ስትስብ ነው። ታላቅ እህቷ ከላይ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ከጸሎት ጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። «የኔይቱማ እንደምታውቂያት ነው» አለች ዓለምነሽ። «ሥራ ወዳድ ናት፣ ጌታ ይባርካት። አሮጊቷን እንደ እናቷ ነው የምትይዛት። ትምህርቱ ግን አልሆነላትም። ሁለቴ ጀምራ ሁለቴ ተወችው። ለሁሉም እንደየጸጋው ነው፤ የሷ ጸጋ ሰው መንከባከብ ነው። በዚህ ዕድሜዋ መጽሐፍ ብታገላብጥ ምን ሊረባት?» ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ እሑድ እሑድ ማይክ ስትይዝ በምታወጣው ድምፅ፣ «ልጄ ናቲ ነው እንጂ! ቦልደር ዩኒቨርሲቲ እኮ ዝም ብለው የሚገቡበት ቤት አይደለም» ስትል ማሞቂያው ተነሣና የቀረውን ዋጠው።

ቀጸላ ካልሲዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ያዘነችው እህቷ ስላማቻት አልነበረም፤ ዓለምነሽ አላማቻትም። ያለችው ሁሉ በፍቅር የተባለ ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ለሐሜት መልስ ይሰጡታል፤ ለፍቅር ምን ይባላል? ተነሥታ ሰማያዊ ስክራቧን፣ የአስታማሚነት የሥራ ልብሷን፣ ለበሰች። ቅዳሜ ሥራ የላትም። እንግልውድ ከተማ የምትንከባከባቸው አሮጊት ቅዳሜና እሑድ ከልጃቸው ጋር ናቸው። ይህን ግን ቤቱ ውስጥ ማንም አያውቅም። ከጥር ጀምሮ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስክራቧን ለብሳ፣ የምሳ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ «ሥራ ሄድኩ» ብላ ትወጣለች። የምሳ ቦርሳው ከላይ ሙዝና እርጎ አለው፤ ከሥር የተከራየችው የኬሚስትሪ መጽሐፍና በድብቅ ከምትማርበት ኮሌጅ ሱቅ በአሥራ አራት ዶላር የገዛችው የዓይን መከላከያ መነጽር አለ። ለአንድ ፕላስቲክ አሥራ አራት ዶላር! ሆኖም ማታ ማታ በሯን ዘግታ መስታወት ፊት ስታደርገው ዋጋው አይቆጫትም ነበር።

ላይ ስትወጣ ዓለምነሽ ስልኳን ዘግታ የምግብ ዕቃዎችን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ትሞላለች። ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ሩዝ በዶሮ፣ የተቆራረጠ ድፎ ዳቦ። እያንዳንዱ ክዳን ላይ ፕላስተር ለጥፋ «ናቲ» ብላ ጽፋበታለች፤ ልጁ ብቻውን ለሚበላው ምግብ ስም መጻፍ ለምን እንዳስፈለገ አይታወቅም። በየሁለት ሳምንቱ ባሏ ለገሠ ይህንን ቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ ከትቶ ቦልደር ድረስ ለልጁ ያደርሳል። ለገሠ የሆቴል ቫን ይነዳል፤ ከኤርፖርት እንግዳ ያመላልሳል። ቀኑን ሙሉ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲል ውሎ ስለሚደክመው ይሁን ወይም ተፈጥሮው ሆኖ ቤቱ ሲገባ ብዙ አያወራም። ያን ጠዋትም ሻዩን ይዞ መስኮቱን ያያል።

«ዛሬ እኔም አብሬው ልሄድ ነው» አለች ዓለምነሽ ለቀጸላ፤ ፊቷ በርቷል። «ሳይሰማ! አባቱን የሚጠብቀው ነገ ከሰዓት ነው። በሩን ሳንኳኳ ሲደነግጥ ማየት ነው የምፈልገው። ክፍሉንም አላየሁትም እኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለገሠ ብቻ ነው የሚሄደው።»

«በረዶ ይጥላል ብለዋል» አለ ለገሠ።

ዓለምነሽ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ሰማዩ ቅንጣት ደመና የለውም፤ ተራሮቹ እንኳ በእጅ የሚነኩ ይመስላሉ። «የት አለ በረዶው?»

«ቦልደር በኩል።»

ዓለምነሽ ክዳን ትገጥማለች፣ ለገሠ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳር ግን አልጨመረበትም። ቀጸላ ዝምታው ሲረዝምባት እንቁላል ምን ያህል እንደተወደደ አነሣች፤ ዓለምነሽም የኮስኮ መደብር ከሌላው እንደሚሻል ነገረቻት። ነገሩ በዚህ አለቀ። «አሮጊቷን ሰላም በይልኝ» አለቻት እህቷ ስትወጣ፤ ቀጸላም «እሺ እታለም» ብላ እዚያው ኦሮራ ወዳለው ኮሌጇ ሄደች።

የኮሌጁ ላብራቶሪ ረጃጅም ጥቁር ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ጫፍ አንድ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ ግድግዳው ላይ የደበዘዘ የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ያለው ክፍል ነው። አቼቶ አቼቶ ይሸታል። መምህሯ ፕሮፌሰር ዱራን አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ ቅዳሜ ከክፍል በቀጥታ ተራራ የምትወጣ ይመስል የእግር ጉዞ ጫማ የምታደርግ ሴት ናት። ክፍሉ ነርስ ለመሆን በሚያልሙ እናቶች፣ ከፋብሪካ የሌሊት ሥራ ወጥተው በሚያዛጉ ወንዶችና ቡና ካልያዙ ዓይናቸውን በማይገልጡ ወጣቶች የተሞላ ነው። የቀጸላ የላብራቶሪ ጓደኛ ባለፈው ሳምንት ትምህርቱን አቋርጣ ስለሄደች ፕሮፌሰሯ «ከማክሰኞ ክፍል አንድ ልጅ ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል፤ ካንቺ ጋር ይሆናል» ብላት ነበር። ቀጸላ ጎበዝ ልጅ እንዲሆን በልቧ ጸለየች። መነጽሯን አጥልቃ ሚዛኑን ስታበራ አንድ ረጅም ልጅ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ። ቀና ስትል ናቲ ነው።

ሁለቱም መነጽር አድርገው ተያዩ። ናቲ መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ ወደ እሷ፣ እንደገና ወደ በሩ አየ።

«አክስቴ?» አለ። ዓይኑ ስክራቧ ላይ አረፈ። «እዚህ ነው እንዴ የምትሠሪው?»

ቀጸላ «አዎ» ልትል ምንም አልቀራትም። እጇ ላይ መጽሐፉ ባይኖር ትለው ነበር። «አንተስ?» አለች። «ከቦልደር ምን አመጣህ?»

«አይ ጎ ሂር» አለ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «አሁን እዚህ ነው የምማረው። ፕሊስ፣ ፕሊስ፣ ለማሚ እንዳትነግሪያት።»

«አንተም ለእናትህ እንዳትነግርብኝ» አለች ቀጸላ ሳታስበው።

ተያዩና አንድ ሳቅ መጣባቸው፤ ሊይዙት ሞከሩ፤ ፕሮፌሰር ዱራን ዞር ብላ ስታያቸው ሁለቱም ወደ ሚዛኑ አጎነበሱ።

የዕለቱ ሥራ ቀላል ነበር። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ከመቀላቀላቸው በፊት ከነዕቃቸው ይመዘናሉ፤ ከተቀላቀሉ በኋላም ይመዘናሉ። መጀመሪያ ክፍት የመስታወት ቢከር ውስጥ፣ ቀጥሎ ክዳኑ በጠበቀ ጠርሙስ ውስጥ። «በኬሚካል ለውጥ መጠነ ቁስ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ» አለች ፕሮፌሰሯ። «መጽሐፉ የሚለውን አትንገሩኝ፤ እሱን አንብቤዋለሁ። ሚዛናችሁ ያላችሁን ጻፉ። ልዩነት ካለ ከየት እንደመጣ አሳዩኝ። እኔ ሳልፈርምለት የወጣ ተማሪ የዛሬው የላብራቶሪ ሥራ አይያዝለትም።» ይህን ስትል ናቲን ለይታ አየችው። ማክሰኞ ማክሰኞ የቀረባቸው ቀናት ሞልተው ስለነበር አንድ ከደገመ ከክፍሉ እንደሚሰረዝ አስቀድማ ነግራዋለች።

ቀጸላ ሶዳውን በማንኪያ ጫፍ እየቆነጠረች ወደ ሁለት ግራም መዘነች፤ ናቲ አቼቶውን ለካ። ሲያፈሰው ቢከሩ ፍስስስ ብሎ እስከ አፉ አረፋ ሞላና ቀስ ብሎ ተረጋጋ። መልሰው ሲመዝኑት አንድ ግራም ያህል ጎድሏል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አረፋው ውስጥ የነበረው ጋዝ ወደ ክፍሉ ወጥቷል። ቀጸላ ቁጥሩን እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ በአማርኛ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

ናቲም ቢከሩን እያጠበ ነገራት። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ነው። ኬሚስትሪና ካልኩለስ ወድቆ ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው አሰናብቶታል። አሁን ግሌንዴል ውስጥ እንዳልክ ከሚባል ጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ተካፍሎ ይኖራል፤ ከሰዓት በኋላ ኮሜርስ ሲቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። «ምግቡስ?» አለች ቀጸላ። «አባትህ በየሁለት ሳምንቱ ቦልደር የሚወስደው ምግብስ?» ናቲ አንገቱን ቀበረ። «ዳድ ከመምጣቱ በፊት በአውቶቡስ ቀድሜው እሄዳለሁ። ዶርሙ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ምግቡን እቀበልና እሱ ሲሄድ በሚቀጥለው አውቶቡስ ወደ ዴንቨር እመለሳለሁ።» ቀጸላ እጇን አቆመች። «ቀይ ወጥ ይዘህ? አውቶቡስ ውስጥ?» «ቀይ ወጥ ይዤ» አለ ናቲ። «ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ አንድ ሰውዬ እንዲያውም ሬስቶራንቱ የት እንደሆነ ጠይቆኛል።» ቀጸላ በስክራቧ እጅጌ አፏን አፍና ሳቀች። ከዚያ ግን የልጁን ፊት አየችና ሳቋ ጠፋ። ከስቷል። ከዚህ ሁሉ ምግብ ጋር ከስቷል።

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ማሚ መሰከረች እኮ፣ አክስቴ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቸርች ፊት ወጥታ፣ በማይክ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። እኔ አንድ ኤፍ እና ሌላ ኤፍ እንዳመጣሁ በየትኛው ማይክ ልናገር?»

ቀጸላ በዚህ ጊዜ ነው የዛሬው ጉዳይ ድንገት ትዝ ያላት። ሚዛኑ ላይ እንዳጎነበሰች ክው አለች። «ናቲ» አለች፣ «እናትህ ዛሬ ቦልደር እየመጣች ነው። ከአባትህ ጋር። ሰርፕራይዝ ልታደርግህ። ክፍልህን ልታይ።»

«ዳድ እኮ ነገ ነው የምመጣው ያለኝ!» አለ ናቲ። ሰዓቱን አየ፣ ስልኩን አወጣ፣ የአውቶቡሱን ሰዓት ፈለገ፣ ስልኩን መልሶ ከተተ። «በመኪናሽ ውሰጂኝ» አለ። «አሁኑኑ ከወጣን እንደርሳለን። ወይም ደውዪላት። መኪናዬ ተበላሸ በያት፤ ነይና ውሰጂኝ በያት። እንግልውድ ነኝ በያት!» ቀጸላ መነጽሯን ግማሽ አውልቃ ቁልፏን ፍለጋ ቦርሳዋን ጎረጎረች። የእህቷን ልጅ ከጉድ ማውጣት ለማንም አክስት የሚታሰብበት ነገር አይደለም፤ እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ነበር። ቁልፉን አገኘችው። ከቁልፉ ጋር ግን የገዛ ሠንጠረዧን አየች፤ ግማሹ ተሞልቶ ግማሹ ባዶ ነው። ሁለቴ ጀምራ ሁለቴ ያቋረጠችው ልክ እንዲህ ነበር። አንዴ የዓለምነሽ ቀዶ ሕክምና ነበር፤ ሌላ ጊዜ የአንዲት ዘመድ ሰርግ። ሁሌም ከእሷ ትምህርት የሚበልጥ የሰው ጉዳይ አለ፤ ሁሌም እሷው ናት የምትነሣው።

«አልሄድም» አለች ቁልፉን መልሳ። «አልደውልምም። አንተ መሄድ ትችላለህ፤ በሩ ያውልህ። እኔ ጠርሙሴን ልመዝን ነው።»

ናቲ ቆመ። ቦርሳውን አነሣ። ሁለት ጠረጴዛ ያህል አልፎ ሄደ። ቀጸላ አላየችውም፤ ሶዳውን ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረች፣ አቼቶውን በትንሽ የመስታወት ቱቦ ሞልታ እንዳይፈስ ተጠንቅቃ ጠርሙሱ ውስጥ አቆመች፣ ክዳኑን ባላት ጉልበት አጠበቀች። መዘነችው። ከዚያ ጠርሙሱን ዘንበል ስታደርገው አቼቶው ከቱቦው ወጥቶ ሶዳው ላይ ፈሰሰና ውስጡ አረፋ ሆነ። የጠርሙሱ ሆድ በእጇ ውስጥ ሲጠነክር ይሰማታል። ፍላቱ እስኪያበቃ ጠብቃ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ግማሽ ግራም ጎድሏል። አነሣችውና መልሳ አስቀመጠችው። ያው ነው። ቁጥሩ ሲያዩት ሁሉ እየቀነሰ የሚሄድ መሰላት።

«የፊቱን ቁጥር ጻፊው» አለ ናቲ ከኋላዋ፤ ተመልሶ ነበር። «እኩል ነው በይና እንሂድ። መልሱ እኮ ይታወቃል።»

«ሚዛኑ እኩል አላለኝም።»

ናቲ በትዕግሥት ማጣት ወደ ሚዛኑ ጠጋ አለ። ቁጥሩን አየ። ፊቱን አኮማተረ። «ኖ» አለ፤ «ይሄ ሊሆን አይችልም። ዝግ ነው እኮ። የት ይሄዳል?» ጠርሙሱን አንሥቶ በብርሃን አየው፣ ጫን አደረገው፣ ጆሮው ላይ አስጠጋው። ስለ እናቱም ስለ አውቶቡሱም የረሳ መሰለ። ከእጅ መታጠቢያው የሳሙና ጠርሙስ አመጣና አንድ ጠብታ በውሃ አቅጥኖ በክዳኑ ዙሪያ ቀባው። ሁለቱም አጎነበሱ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ በአንድ በኩል የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ አለች፤ አደገች፤ ፈነዳች፤ ሌላ ተተካች። ክዳኑ ላይ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ነበረች።

«ይሄው!» አለ ናቲ ጮክ ብሎ፣ አጠገባቸው ያሉት እስኪዞሩ። «ይሄው እየወጣ ነው! አልጠፋም!»

ቀጸላ ልጁን እያየች ነበር። ይህ ልጅ ደደብ አይደለም አለች በልቧ፤ ይህ ልጅ የሆነ ቦታ ላይ ፈርቶ ነው። ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ አዲስ ጠርሙስና አዲስ ክዳን አመጣ፤ ሳትጠይቀው። ክዳኑን እሱ አጠበቀ፣ ሳሙናውን እሷ ቀባች፤ አረፋ የለም። መዘኑ፣ አዘነበሉ፣ ጠርሙሱ በእጃቸው ውስጥ ጠነከረ፣ ጠበቁ፣ መዘኑ። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አኃዝ ያው ነበር። ቀጸላ ይህን ነገር መጽሐፉ ላይ አሥር ጊዜ አንብባዋለች፤ ለፈተና ሸምድዳዋለች። እንዲህ ፊቷ ላይ ቆሞ እውነት ሲሆን ግን አላየችም ነበር። ፕሮፌሰር ዱራን መጥታ የመጀመሪያውን የግማሽ ግራም ቁጥር፣ ከጎኑ የቀጸላን «ክዳኑ ተሰንጥቋል» የሚል ማስታወሻ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ቁጥር አነበበች። «ይህንን ነው የምወደው» አለችና ፈረመች። ከዚያ ናቲን «በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዳትቀር» አለችው።

ኮሪደሩ ውስጥ ከመክሰስ መሸጫው ማሽን አጠገብ ናቲ ስልኩን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። ለእናቱ ሳይሆን ለአባቱ ደወለ። ስፒከር ላይ አደረገው፤ ብቻውን ሊሰማው የፈለገ አይመስልም።

«ዳድ፣ የት ደረሳችሁ?»

«ኦሮራ ነን» አለ ለገሠ። «ነዳጅ ማደያ። ጎማ እየነፋሁ ነው።»

ከኋላው የዓለምነሽ ድምፅ ተሰማ፤ «ሦስተኛ ጊዜው ነው! ጎማው ሊፈነዳ ነው ለገሠ! መኪና ታጠብን፣ ዘይት አየን፣ አሁን ደግሞ ጎማ!»

ናቲ ዓይኑን ጨፈነ። «ዳድ፣ ቦልደር አትሂዱ። እዚያ አይደለሁም። እዚያ መማር ካቆምኩ ቆየሁ።»

ለገሠ የጎማ መንፊያውን ሲሰቅል ተሰማ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አውቃለሁ» አለ። «ክረምት ላይ አንድ ቀን ቀድሜ ደርሼ ነበር። ከአውቶቡሱ ስትወርድ አየሁህ።»

«ለምን ምንም አላልከኝም?»

«ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለ ለገሠ። «እስክትነግረኝ ምግቡን ላምጣ ብዬ።»

ናቲ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ቀጸላ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች፤ የድንች ጥብሱ ሁለት ዶላር ከሃምሳ ሆኗል። በስልኩ ውስጥ የመኪና በር ሲከፈት ተሰማና ዓለምነሽ ስልኩን ቀማች። «ምንድን ነው? ማን ነው? ናቲ? የት ነህ?» «ኦሮራ ነኝ ማሚ፣ ኮሌጁ ጋ።» «የትኛው ኦሮራ?» «ይሄው ኦሮራ። ከአክስቴ ጋር።» «ከየትኛዋ አክስትህ?» አለች ዓለምነሽ፤ ልጁ ሌላ አክስት እንደሌለው የረሳች ይመስል።

ከቆሙበት ማደያ እስከ ኮሌጁ ሩቅ ስላልነበረ ወዲያው ደረሱ። ዓለምነሽ ከመኪናው ስትወርድ ነጭ ሻርፗን አድርጋ፣ የልጇን ክፍል ልታይ የለበሰችውን አዲስ ካፖርት ለብሳ ነበር። ልጇን አየችው። እህቷን አየቻት፤ ስክራቧን፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር፣ እጇ ላይ ያለውን መጽሐፍ። ባሏን ዞር ብላ አየችው፤ እሱ ጎማውን ያያል።

«ሦስታችሁም ታውቁ ነበር?» አለች።

«እኔ ዛሬ ነው ያወቅኩት» አለች ቀጸላ። «እሱም የኔን ዛሬ ነው ያወቀው።»

«እኔ ምን ሆኜ ነው?» አለች ዓለምነሽ፤ ድምፁ የማይኩ አልነበረም፤ ቀጸላ ከልጅነታቸው ወዲህ ሰምታው የማታውቀው ትንሽ ድምፅ ነበር። «ጅብ ነኝ እንዴ? ምን አድርጌአችሁ ነው ቤቴ ውስጥ እንዲህ የምትደበቁኝ?»

ቀጸላ መዋሸት ትችል ነበር። «እንዳናስጨንቅሽ ብለን ነው» ቢባል ነገሩ ባለበት ይረግባል። «ጠዋት በስልክ ያልሽውን ሰምቼዋለሁ፣ እታለም» አለች።

«ምን አልኩ?»

«ትምህርት አልሆነላትም፤ ጸጋዋ ሌላ ነው አልሽ። ሁለቴ ሞክራ ተወች አልሽ። እውነትሽን ነው፤ የነርስነቱን ትምህርት ሁለቴ ትቼዋለሁ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ እንዲወራልኝ አልፈለግኩም።»

ዓለምነሽ ሻርፗን ጎትታ አስተካከለች። ፕሮፌሰር ዱራን ቦርሳዋን አዝላ በአጠገባቸው ስታልፍ እጇን አውለብልባ «ቅዳሜ እንገናኝ!» አለች ለቀጸላና ለናቲ፤ ዓለምነሽም ከልማድ ፈገግ ብላ አንገቷን ነቀነቀችላት። «ማናት?» አለች ሴትየዋ ስትርቅ። «መምህራችን ናት» አለ ናቲ። «የሁለታችሁም?» «የሁለታችንም።» ዓለምነሽ ሴትየዋ ጫማዋን ቀይራ መኪናዋ ውስጥ እስክትገባ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ቤት ና» አለችው ልጇን በመጨረሻ።

«ቤት አለኝ ማሚ። ግሌንዴል። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ሥራ እገባለሁ፤ ኮሜርስ ሲቲ።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«ሣጥን እጭናለሁ።»

ዓለምነሽ እጁን ያዘችና ገልብጣ መዳፉን አየችው፣ ሕፃን እያለ ጥፍሩን ልትቆርጥ ስትይዘው እንደምታደርገው። ሳትለቀው ብዙ ቆየች። ናቲ አልነጠቃትም። «እሑድ ና እንግዲህ» አለች፤ «ቸርች ባትመጣ እንኳ ለምሳ ና። ያሰብኩትን ሁሉ አሁን አልናገርም፤ ቁጣዬ ገና አልወጣልኝም።» ቀጥሎ ወደ ባሏ ዞረች። «ካንተ ጋርማ አልሄድም። አንተ ሥራው ጋ አድርሰው። እኔ ከቀጸላ ጋር ነኝ።» ለገሠ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እሺ» አለ፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ፊቱ ላይ ያለው ወራት ሙሉ ከተሸከመው ነገር ያረፈ ሰው ፊት ነበር። አባትና ልጅ መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ገብተው፣ ሞተሩ ተነሥቶ እንኳ ወዲያው አልሄዱም። ለገሠ የሆነ ነገር ሲናገር፣ ናቲም ሲስቅ በመስታወቱ ይታይ ነበር።

ቀጸላ መኪናዋን አስነሣች። ዓለምነሽ አጠገቧ ተቀምጣ የኬሚስትሪ መጽሐፉን ከወንበሩ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። አልከፈተችውም። በሃቫና መንገድ ሲሄዱ የኮሪያ ገበያውን፣ የመኪና መሸጫዎቹን፣ የጎማ ቤቶቹን እየተከታተለች ታያለች፤ ከንፈሯ አንዳንዴ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ይሁን እየተሳደበች አይታወቅም። ቀጸላ ሬዲዮ ልትከፍት አሰበችና ተወችው። ይቅርታ ትለኛለች ብላም ጠበቀች፤ ዓለምነሽ ግን ይቅርታ አላለችም። ስለ ጠዋቱ ስልክ አላነሣችም፤ ስለ ናቲም አላነሣችም። ብዙ መብራት አለፉ። አንዱ ቀይ መብራት ያዛቸውና ቆሙ።

«ነርስ ስትሆኚ» አለች ዓለምነሽ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያየች፣ «ሌሊት ነው የሚያሠሩሽ ወይስ ቀን?»

ቀጸላ የሰማችውን በልቧ ደገመችው። ከሆንሽ አላለችም። ስትሆኚ ነው ያለችው።

«ለአዲስ ሰው መጀመሪያ ሌሊት ነው የሚሰጡት» አለች።

«ቀኑን ጠይቂ» አለች ዓለምነሽ ኮስተር ብላ። «ከአሁኑ ጠይቂያቸው። ኋላ ሌላ ሰው ይወስድብሻል።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ቀጸላ ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሰችም።